ምሰሶ የተሸከሙ ኩባያዎች

ጋምቤላ ከተማ
የካቲት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሰዓድ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤት፣ ከመጥፎ አሠሪም ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ቅቤ ቅቤ መሆኑን ረስቷል። ያለህበት ሳይት ስልክ አይሠራም ካልክ ወዲህ ድምፅህ ጠፋብን። ነጋዴው ቦል ግን ወደ ማታር ሲወርድ ደብዳቤ ይዞልኝ እንደሚሄድና እስከ ጁባ እንደሚያደርስ ስለነገረኝ ይኸው እስክሪብቶ አነሳሁ። እኔ ስጽፍ የኖርኩት የሱቅ ዕቃ ስም ነውና ፊደሌ ከተንጋደደ ሳቅብኝ፤ ግድ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት አቦቦ እናትህ ቤት ውሃ ገብቶ አልጋዋ ሥር መክረሙን ሰምተሃል። ጉልበቷም ከድቷታል። እኔ ጋ ነይ እንዳልላት የኔም ምድር ቤት ባሮ ሲሞላ ምን እንደሚሆን አንተው ታውቃለህ፤ በልጅነትህ የተንሳፈፈ ጫማህን በመንጠቆ ያጠመድከው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሱቁ በላይ አንድ ፎቅ ልሠራ ቆርጫለሁ። ለእህቴ ለሰይዳ ውሃ የማይደርስባት ክፍል እንድትኖራት ነው። ደረጃው ዝቅ ዝቅ ያለ ይሆናል። አንዴ ከወጣች ደግሞ ማን ያወርዳታል!

የሚያስፈራኝ የሶሌታው፣ የአርማታው ወለል፣ ነገር ነው። አምና የበረንዳዋን ሶሌታ ስናስሞላ ከሥር ያቆምናቸው ምሰሶዎች ከአርማታው ክብደት የተነሳ ተነክሰው ቀሩ። ግንበኛው ጃል በመዶሻ ሲደበድባቸው ዋለና አንዱ ድንገት ሲወጣ ጣውላው ከነምስማሩ ትከሻው ላይ ወረደበት። ከጎሬ በአይሱዙ ያስመጣሁት ባሕር ዛፍም ግማሹ ተሰነጠቀ፤ የቀረውን ምስጥ በላው። ሰይዳ «ሰዓድ እዚያ አገር ሶሌታ ሥር ነው የሚውለው» እያለች ለሰው ሁሉ ትናገራለች፤ ሶሌታ ምን እንደሆነ ባታውቅም። እስቲ ሰው ሳይጎዳ እንጨትም ሳይሰበር ምሰሶ የሚነቀልበት ዘዴ ካለ ላክልኝ።

ልጄ ሁዳ ሰላም ብላሃለች። በዱዓ አንረሳህም።

አክስትህ ነጅሚያ


ከጁባ ወጣ ብሎ፣ ከሳይት
መጋቢት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ ለእቴቴ ነጅሚያ፤

ወዓለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ሱቅዎንም በረካ ያድርገው። ቦል ደብዳቤዎን ከደረቅ ዓሣ ጋር አስሮ ስላመጣው እያነበብኩ ራበኝ።

ለእናቴ ክፍል ሊሠሩ መሆኑን ሳነብ ደስታዬ ግማሽ ነበር። ልጅ እያላት እህቷ ታስጠልላት? የምልከው ነገር ቢኖረኝ ከምክር በፊት እሱን በላክሁ። አሠሪያችን ዛሬ ነገ ይለናል። ባዶ እጄን ለእርስዎ መጻፍ አሳፍሮኝ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጣጥፌ አስቀምጬው ነበር። ያለኝ ሙያዬ ብቻ ነውና እሱን ልላክ።

እዚህ ድጋፉ ብረት ነው፤ አንገቱ ላይ ጥምዝ ስላለው ሲያዞሩት ዝቅ ይላል። እሱን ጋምቤላ ድረስ መላክ አይታሰብም። ስለዚህ በባሮ አሸዋ እንሥራው። ወፍራም የብረት ቱቦ በስንዝር በስንዝር ያስቆርጡና ታቹን በላሜራ ያስበይዱት፤ ኩባያ ይመስላል። ግርጌው ላይ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ ይኑረው፤ እሷን በእንጨት ውታፍ ይወትፏት። ውስጡን በወንፊት የተነፋና ፀሐይ ላይ የደረቀ አሸዋ ይሙሉት። ከአሸዋው በላይ ኩባያው ውስጥ ልክክ የሚል አጭር ጉማጅ ይገባል፤ ምሰሶው የሚቆመው ጉማጁ ላይ ነው። አሸዋ መሄጃ ካጣ እንደ ድንጋይ ይሸከማል። የመንቀያው ቀን ሲደርስ ውታፏን ሳብ ማድረግ ነው። አሸዋው ይፈስሳል፣ ምሰሶውም በቀስታ ዝቅ ብሎ ይላቀቃል። መዶሻ የለ፣ የሚሰነጠቅ እንጨት የለ። ዝናብ እንዳያርሰው ብቻ በፌስታል ይሸፍኑት፤ የራሰ አሸዋ አይፈስም።

አንድ ነገር አደራ፤ ለጃልም ያንብቡለት። አራት ሳምንት ሳይሞላ ማንም ውታፍ እንዳይነካ። የድሮው ምሰሶ ክፋቱ አለመውጣቱ ነበር፤ ግን ባለመውጣቱ ራሱን ይጠብቅ ነበር። ይኸኛውን ሰው ካልጠበቀው የሚጠብቀው የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ሲጽፉ ስለ እሷ ብዙ ብዙ ይጻፉልኝ።

ታዛዥ ልጅዎ ሰዓድ


ጋምቤላ ከተማ
ሚያዝያ 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰዓድ፤

ሰላምታዬ እንደ ባሮ ውሃ ሞልቶ ይድረስህ። አላህ እጅህን ይባርከው! ይኸን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሰፈሩ በሙሉ ነው።

በያጁ ኩባያዎችህን ሲሠራ «እማማ፣ በዚህ ደግሞ ማን ሊጠጣበት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ጃልም መጀመሪያ አላመነም። «አሸዋ ቤት ይሸከማል? አሸዋ ሰውም አይሸከም፣ እግር ይገባል» አለኝ። አንዱን ሜዳ ላይ አቁመን በርሜል ሙሉ ውሃ ጫንበት። ንቅንቅ አላለም። ውታፉን ስቤ አሸዋው እየፈሰሰ በርሜሉ ቁጭ ሲል ጃል እጁን አፉ ላይ አደረገ። ከዚያ በኋላማ መንገደኛ ሁሉ «አሳዪን» ይለኝ ጀመር። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ዳምጤ ራሱ ውታፉን ስቦ አይቷል። ጎረቤቴ አባንግም «ይኸ የእኛ ወንዝ አሸዋ እንዲህ ሙያ አለው?» ብላ ተገረመች። እኔም እንደ ትርኢት ሳሳይ ከረምኩ፤ ኩራት አይጣል ነው።

እናትህን ከአቦቦ አምጥቻታለሁ። ሶሌታው የተሞላ ቀን ወንበር አውጥተንላት ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጣ ሠራተኛውን ስታዝ ዋለች። ለውሃ አመላላሾቹ ሳይቀር «ይቺን ነገር የሠራት ልጄ ነው፣ ጁባ ሆኖ» ትላለች። ማታ ላይ ደግፈናት ከሥር ገባችና ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ዳበሰች። ከዚያ በስተግራ ያለችውን የጥጓን ኩባያ መርጣ፣ «የመንቀያው ቀን የመጀመሪያዋን የምከፍታት እኔ ነኝ፤ ይቺ የኔ ናት» አለች። ጃል በከሰል ምልክት አደረገላት።

ትንሽ ትኩሳት ብጤ አላት፤ የመንገዱ ድካም ነው። አንተን ካነሳን ግን ትኩሳቱም ይለቃታል።

አክስትህ ነጅሚያ


ከጁባ ወጣ ብሎ፣ ከሳይት
ግንቦት 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእቴቴ ነጅሚያ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት በቤትዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ለሥራ ጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የበርሜሉ ጋ ስደርስ አጨበጨቡ። እናቴ በማንጎ ሥር ተቀምጣ ሰው ስታዝ ትታየኛለች። በሕይወቴ ለእናቴ ያደረግሁላት ነገር ይኸ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ከሩቅ ነው።

ትኩሳቷ እንዴት ሆነ? ጤና ጣቢያ ያሳዩአት። ኩባያዋን የምትከፍትበት ቀን እየቀረበ ስለሆነ ከከፈተች በኋላ ምን እንዳለች ቃል በቃል ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሰዓድ


ጋምቤላ ከተማ
ግንቦት 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሰዓድ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ጽናቱን ይስጥህ፣ እኛንም ይስጠን።

ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔ ልንገርህ። ሶሌታው ወርዷል። አልፈረሰም፤ መሃሉ ግን ሆዱን ጥሎ ተሰንጥቋል። ቀኑ ሳይደርስ ምሰሶ ስለተነቀለ ነው። የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ጃልን እንዳትቀየመው፤ እሱ እምቢ ብሎ ነበር። በሰፈሩ ለቅሶ ሆነና የድንኳን ቋሚ ጠፋ። የእድሩ ሰዎች መጡ። ውሰዱ አልኳቸው።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። እናትህን በዱዓህ አትርሳት።

ነጅሚያ


ከጁባ ወጣ ብሎ፣ ከሳይት
ሰኔ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ ነጅሚያ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎን ሳልከፍተው ወሬው ቀደመው። ቦል ጁባ ሲመጣ «ሶሌታው ጎብጧል፣ ምሰሶውን ለለቅሶ ወስደውት ነው» አለኝ። የማን ለቅሶ ብዬ ስጠይቀው እኔ ነጋዴ ነኝ ብሎ ዓይኑን አዞረ። እሱ እንኳ በእርስዎ ሥራ አፈረ ማለት ነው።

እቴቴ፣ አራት ሳምንት ብዬ ጽፌ ነበር። ጠብቁት ብዬ ነበር። አሁን ጓደኞቼ «የእናትህ ቤት እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ያን ያህል ያወራሁለት ነገር መሳቂያ ሆኖ ቀረ። በሙያዬ አፈርኩ፤ በአገሬ ሰው ደግሞ ይበልጥ አፈርኩ። እዚያ ሰፈር ሰው በሞተ ቁጥር የቆመ ነገር ሁሉ ይነቀላል ማለት ነው? የጋምቤላ ገበያ ውስጥ ቀርከሃ ጠፍቶ ነው? ሟቹ ማንም ይሁን ማን፣ የሞተ ሰው ስለ ድንኳኑ ቋሚ አይጨነቅም። እናቴ ግን ስለ ጣሪያዋ ትጨነቃለች። ለሬሳ ብላችሁ የሕያዋን ቤት አፈረሳችሁ። እነዚያ እንጨቱን የተሸከሙ ሰዎች እናቴን ዓይኗን አይተው ምን እንደሚሏት ባወቅሁ!

ስለ እሷ «በዱዓህ አትርሳት» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጻፉልኝም። ክፍሏን ስላሳጧት አፍረው መሰለኝ። ማፈሩስ ተገቢ ነው፤ ግን ዝምታዎ አላስደሰተኝም። ክረምቱ ገብቷል፣ የት ነው ያስቀመጧት? ይኸን ይመልሱልኝ።

ሰዓድ


ጋምቤላ ከተማ
ነሐሴ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰዓድ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ይኸን ወረቀት ቦል የሚሰጥህ እሱና ጁባ ያሉት የአገራችን ሰዎች ማለዳ መጥተው ከነገሩህ በኋላ ነው። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ብቻህን ሆነህ ከወረቀት ላይ እንድታነበው አልፈለግሁም፤ ዝም ያልኩህ ለዚህ ነው። ቦልንም እንዳይነግርህ በቁርዓን አስምዬው ነበር። ያን ቀን ዓይኑን ያዞረው እንባው እንዳይታይበት ነበርና ይቅር በለው።

ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ለቅሶው የእናትህ ነበር።

ትኩሳቱ የመንገድ ድካም አልነበረም፣ ወባ ነበር። ጤና ጣቢያ ወስደናት መድኃኒቱን ጀምራለች። አንድ ቀን ተሻላት፣ በማግስቱ ጠናባት። ሶሌታው ከተሞላ ሳምንት እንኳ ብዙም ሳያልፍ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ እጄን ይዛ ሄደች። አልተሰቃየችም፤ ይኸን በአላህ ስም እነግርሃለሁ።

የዚያን ቀን ዝናቡ ደግሞ መጣ። የእድሩ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ላይ ተተክሎ ነበር። ሸራ ከነጋዴዎች ተገኘ፤ ቋሚ ግን ጠፋ። ሰው ደጁ ላይ እየራሰ ቆመ። ጋሽ ዳምጤ ቤት ገብቶ ቀስ ብሎ፣ «ነጅሚያ፣ እነዚያ እንጨቶች በእጅ የሚወጡ አይደሉም?» አለኝ። ራሴ አሳይቼው ምን ልበለው? ጃል ከበር ሆኖ «እማማ፣ አይሆንም። ሲሚንቶ ገና ልጅ ነው» ብሎ ለመነኝ። ሰው ሁሉ አፌን ያየኛል። በገዛ እህቷ ለቅሶ ለሲሚንቶ የሳሳች ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ይሉኝታ ያዘኝ፣ ሰዓዴ። ድሮ ቢሆን «አይነቀልም» ብዬ እገላገል ነበር፤ ያንተ ኩባያ ሰበብ አሳጣኝ። ደግሞም ክፍሉ የሷ ነበር። እሷ ከሄደች ለማን ብዬ ልጠብቀው? የመሃሎቹን ውሰዱ አልኩ። አሸዋው ሲፈስ ድምፁ ከውስጥ ይሰማኝ ነበር።

የሰይዳን ድንኳን ያቆሙት ያንተ ምሰሶዎች ናቸው።

አሁን የምጽፈው ብዕሬን ያከብደዋል። ደብዳቤህ የደረሰው ለእናትህ ሰደቃ ባወጣንበት ዕለት ነው። «ከሰዓድ መጣ» ሲባል እንደ ልማዳችን ሰው ተሰብስቦ «ይነበብልን፣ የልጇን ድምፅ እንስማ» አለ። ሁዳ ማንበብ ጀመረች። «የሞተ ሰው ስለ ድንኳኑ ቋሚ አይጨነቅም» የሚለው ጋ ስትደርስ ንባቧን አቆመች። እንጨቱን የተሸከሙት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። አባንግ ተነስታ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደችና አጣጥፋ መለሰችልኝ።

እኔ ባንተ አልተቀየምኩም። ያፈርኩት በራሴ ነው፤ ባልደብቅህ ኖሮ ባልጻፍከው ነበር። ክፍሉንም አበላሸሁብህ፣ ቃልህንም ለሰው አሳልፌ ሰጠሁ። አላህ ይርሐማት፣ እኛንም ይቅር ይበለን።

አክስትህ ነጅሚያ


ማታር
መስከረም 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእቴቴ ነጅሚያ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ በሞት ያልለየንን በእፍረት አይለየን።

መርዶውን እንደነገሩኝ ሥራውን ትቼ ተነሳሁ። እስከ ማታር መጥቻለሁ። ባሮ ሞልቷል፣ ጀልባ በየቀኑ ወደ እናንተ ይወጣል፤ እኔ ግን ዕቃዬን እንደያዝኩ የቦል ዘመዶች ቤት ተቀምጫለሁ። በየጧቱ ወንዙ ዳር እወርድና እመለሳለሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የጻፉት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። «ለሬሳ ብላችሁ» ብዬ የጻፍኩት ለእናቴ ነው። እንቅልፍ ሲወስደኝ እጄ ያን ቃል ሲጽፍ አየዋለሁ። የእናቴን አስከሬን ያጠቡትን፣ ያወጡትን፣ በዝናብ ውስጥ ቋሚ ተሸክመው ያስጠለሉልኝን ሰዎች ነው በራሷ ሰደቃ ላይ የሰደብኩት። እናቴ ታማ ሳለች ገንዘብ አልላክሁም፣ ስትሞት አልነበርኩም፣ ስትቀበር አፈር አላለበስኳት። ከእኔ የደረሳት ያ ምሰሶ ብቻ ነበር። እሱንም ለምን ሰጣችኋት ብዬ ተቆጣሁ። ጋሽ ዳምጤን በየትኛው ዓይኔ ላየው ነው? አባንግ «ምነው ልጄ» ብትለኝ ምን እመልስላታለሁ?

እባክዎ እነሱን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። እኔ እዚሁ ማታር ሥራ ፈልጌ ብቆይ ይሻለኛል። ፊቴን የማሳይበት አቅም የለኝም። መቃብሯ ላይ ስለ እኔ ሆነው ዱዓ ያድርጉልኝ።

የሚያፍርብዎ ሳይሆን በራሱ ያፈረው ሰዓድ


ጋምቤላ ከተማ
መስከረም 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰዓዴ፤

ወዓለይኩም ሰላም። ስድብ በራስህ ላይ ማውረዱ ይበቃሃል፤ ጨረስከው እኮ፣ ለኔ ምንም አላስቀረህልኝም።

ይቅርታ በሰው አይላክም፣ እግር አለህ። ቢሆንም አንድ ነገር ስማ። ደብዳቤህ የተነበበ ዕለት ሰው ከወጣ በኋላ ጋሽ ዳምጤ በር ላይ ቆሞ፣ «ልጁ የተቆጣው ለእናቱ ነው። ለእናቱ የማይቆጣ ልጅ ቢኖራት ነበር የማዝነው» ብሎኛል። አባንግም በየሳምንቱ «መጣ ወይ?» ትለኛለች። አንተ የምትፈራቸው ሰዎች የሚጠብቁህ ናቸው።

ምሰሶዎቹ ከድንኳኑ ተመልሰው ሶሌታው ሥር ቆመዋል። ጃል መሃሉ ፈርሶ እንደገና ይሞላል፣ ዳር ዳሩ ደህና ነው ይላል። እስከ አሁን ያላስነካሁት አንተን እየጠበቅሁ ነው።

ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ። ያን ቀን የእድሩ ሰዎች እንጨት ሲያወጡ አንዱ ወደ ጥጉ ሄደ። የዚያን ጊዜ ከሬሳው አጠገብ ተነስቼ ሮጥኩና ሰይዳ የመረጠቻት ኩባያ ፊት ቆምኩ። የመሃሎቹን ይሉኝታ አስወሰደኝ፤ ያችን ግን «ይቺ ባለቤት አላት» ብዬ እምቢ አልኩ። ጃል በከሰል ያደረገላት ምልክት አሁንም አለ። ክረምቱን ሙሉ ፌስታሏን ስቀይርላት ከረምኩ፤ አሸዋዋ ደረቅ ነው።

ውታፏን የሚነቅላት ከአንተ በቀር የለም። ይኸን የሚያመጣልህ ቦል ከማታር ወደኛ ሲመለስ አብረኸው ተሳፈር።

አክስትህ ነጅሚያ